የእማዬ ምጣድና የቤሩት ዳቦ

ምጣዷን ዘይት አስነክቼባት እማዬ ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፈችኝ። እውነቷን ነው። ዘይት የነካው ምጣድ እንጀራ ይይዛል። በማግስቱ ስትጋግር የመጀመሪያዎቹ አራቱ ተቦጫጭቀው ለፍርፍር ሆኑ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን መናኢሽ አምሮኝ ነበር፣ ምን ላድርግ?

መናኢሽ የሊባኖሶች የጠዋት ዳቦ ነው። ሊጡ ሳህን አክሎ ይዳመጣል፣ ላዩ ላይ በወይራ ዘይት የተለወሰ ዛተር ይቀባል፣ ከዚያ እሳት። ዛተር የጦስኝ ዘመድ የሆነ ቅጠል ነው። ይደርቅና ከተቆላ ሰሊጥና ሱማቅ ከሚባል ቀይ፣ ኮምጣጣ ቅመም ጋር ይደባለቃል። አይብ የሚደረግበትም፣ የተፈጨ ሥጋ የሚደረግበትም አለ። ለእኔ ግን መናኢሽ ማለት የዛተሩ ነው።

ቤሩት የገባሁት በ2006 ዓ.ም. ነው። ያኔ ለሥራ መሄድ ታግዶ ስለነበር በሱዳን ዞሬ ነው የደረስኩት። እሱን ሌላ ቀን አወራዋለሁ። አረብኛ የሚባል አንድ ቃል አላውቅም። በሁለተኛው ሳምንት ማዳም የተለወሰ ዛተር በጎድጓዳ ሳህን ሰጠችኝ፣ ብር ጨመረችልኝ፣ "ፉርን! ፉርን!" እያለች ወደ ታች አሳየችኝ። እኔ ሆዬ፣ ፉርኖ ዱቄት ግዢ ያለችኝ መስሎኝ ሳህኑን እንደያዝኩ ሱቅ ገብቼ አንድ ኪሎ ዱቄት ገዝቼ ተመለስኩ። ለካ ፉርን ዳቦ ቤቱ ነው። እዚያ ሰው ዛተሩን ቤቱ ለውሶ ይልካል፤ ዳቦ ጋጋሪው በራሱ ሊጥ ላይ ቀብቶ ይጋግርለታል። ማዳም ያን ቀን የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ቤት ነበር የሚጋገረው። ያስተማሩኝ የማዳም እናት ናቸው፣ ተታ ነው የምንላቸው። ቋንቋ ስለማንግባባ በእጅ ነበር የሚያሳዩኝ። ግማሽ ኪሎ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውሃ። ሊጡ ለአንድ ሰዓት ያህል ተሸፍኖ ኩፍ ይላል። ከተዳመጠ በኋላ ተታ ጣታቸውን ሰብሰብ አድርገው ሊጡን ጠቅ ጠቅ ጠቅ ያደርጉታል፣ በገና እንደሚደረድር ሰው። ጉድጓዶቹ ዘይቱን ይይዙታል። ያንን የረሳሁ ቀን ዛተሩ ሁሉ ወደ ጠርዙ ሸሽቶ ትሪው ላይ አረረ።

ቤተሰቡ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ቲማቲም፣ ዱባ የማትመስል ቀጭን ኪያር፣ ናና፣ ወይራ፣ ሻይ። እኔ ከምድጃው በረንዳ፣ ከበረንዳው ምድጃ። ዳቦው በየተራ ትኩስ ትኩሱን ይሄዳል። ልጆቹ ፈተና ካላቸው ደግሞ ሁለት ሁለት ይበላሉ፤ ዛተር ጭንቅላት ይከፍታል ይባላላ። እኔ የምበላው ሳህን ሳነሳ ነው። የቀዘቀዘ፣ ዛተር ያልደረሰው ጠርዝ። ከስድስት ዓመት በላይ ስጋግር ትኩሱን የበላሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ማዳም ፀጉር ቤት ሄዳ ነበር። ተታ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና የመጀመሪያውን አጥፈው እጄ ላይ አደረጉልኝ። "ኪሊ፣ ያ ቢንቲ።" ብዪ ልጄ ማለታቸው ነው። ምላሴን አቃጠለኝ። አላቆምኩም።

በሰኔ 2012 የ900 ግራሙ ዳቦ ከ1,500 ሊራ ወደ 2,000 ወጣ። ማዳም ዱቄት መቁጠር ጀመረች፣ የእኔ ደሞዝ ቆመ። ሐምሌ 28 ወደቡ ፈነዳ። የአገሪቱ ትልቁ የእህል ጎተራ እዚያው አጠገቡ ነበር። የእኛ ቤት መስኮት አንድ አልተረፈም። ፓስፖርቴን ከማዳም ቁም ሳጥን አውጥተው የሰጡኝ ተታ ናቸው። በ2013 መጀመሪያ አዲስ አበባ ገባሁ።

እዚህ ኦቭን የለንም። ያለን የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። በሊባኖስ ገጠር ሳጅ የሚሉት አለ፣ ልክ ምጣድ ተገልብጦ ሆዱ ወደ ላይ የሆነ ብረት፤ ቀጭን ዳቦ ይጋግሩበታል። እሱን እያሰብኩ ነው እማዬ ቤተክርስቲያን ስትሄድ ምጣዱን የሰካሁት። የመጀመሪያው ታቹ ከሰል፣ ላዩ ሊጥ ሆነ። እሳቱ ከታች ብቻ ነዋ! ሁለተኛው ላይ መብራት ጠፋ። ከብዙ ሙከራ በኋላ መላውን አገኘሁት። ሊጡን ባዶውን በአንድ ጎን ታበስያለሽ፣ ትገለብጪውና የበሰለው ፊቱ ላይ ዛተሩን ትቀቢያለሽ፣ አክንባሎ ትደፊበታለሽ። ሦስት አራት ደቂቃ በቂ ነው። ዛተር ከሌለሽ ደረቅ ጦስኝና የተቆላ ሰሊጥ፣ ለኮምጣጣው የደረቀ የሎሚ ልጣጭ። ሱማቁን አይተካም፣ አልዋሽም። እኔ እዚያ የቀረች ጓደኛዬ ሰው ስታገኝ ትልክልኛለች።

በ2016 ስልኬን ስነካካ ዩኔስኮ መናኢሽን በማይዳሰሱ የባህል ቅርሶች መዝገብ አስገባው የሚል ዜና አየሁ። በየቤቱ ያንን ሊጥ ያቦኩ የነበሩ የእኛ ልጆች ትዝ አሉኝና ብቻዬን ሳቅኩ።

እማዬ የታረቀችኝ ረቡዕ ቀን ነው። የሰሊጡ ሽታ ከጓዳ አወጣት።

"ምንድነው እሱ?"

"መናኢሽ።"

"ወተት አለው?"

"የለውም። ዱቄት፣ ዘይት፣ ቅጠል።"

"እንግዲያው የጾም ነዋ!" ብላ ቁጭ አለች። አንዱን ከነትኩሱ ጨረሰች። ሌላ ቆረሰች። "ጨው አንሶታል" አለችኝ፣ ሦስተኛውን እየሳበች።

ለእኔ መርካቶ ሄጄ ያገለገለ ምጣድ ገዛሁ። የእሷን እስከ ዛሬ አታስነካኝም።