ሻምፖ ለራስ ቆዳ፣ ኮንዲሽነር ለጫፍ

ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ስለዚህ 30 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ዘለላ ሥሩ ገና አዲስ ሲሆን፣ ጫፉ ግን ሁለት ዓመት ተኩል ሲታጠብና ሲበጠር የኖረ ነው። ወዙና ላቡ ያለው ራስ ቆዳው ላይ፣ ድርቀቱና መሰንጠቁ ያለው ጫፉ ላይ ነው። ሁለቱን በአንድ እጅ ማሸት ትቼ ለየብቻ መያዝ ከጀመርኩ ወዲህ የሚሰባበረው ፀጉር በግልጽ ቀንሷል።

ፀጉሬ ከርዳዳና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ውሃ ከመንካቱ በፊት ቋጠሮውን በጣት ብቻ ፈታ ፈታ አድርጌ በአራት እከፍለውና እያንዳንዱን ክፍል ላላ አድርጌ እጎነጉነዋለሁ። እንዲህ ያለ ፀጉር ሳይከፈል ከታጠበ አናቱ ደጋግሞ ሲታሽ ማጅራቱ ሳይነካ ይቀራል። ዞማ ፀጉር ያለው ሰው ይህ አያስፈልገውም፤ እሱ ደረቁን አበጥሮ ወደ መታጠቢያው ቢገባ ይሻለዋል፣ ዞማ ፀጉር ርጥብ ሳለ ሲበጠር እየተለጠጠ ይበጠሳልና።

ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አርሰዋለሁ። ይህን ማሳጠር መዘዙ ብዙ ነው። ሥሩ ካልራሰ ሻምፖው አረፋ አያወጣም፤ አረፋ ሲጠፋ ሻምፖ ይጨመራል፤ የተጨመረው ደግሞ በደንብ ሳይለቀለቅ ቆዳው ላይ ይደርቅና ያሳክካል። ይህን ቅሪት ፎረፎር ነው ብሎ መሳሳት ቀላል ነው።

ትከሻ ለሚደርስ ፀጉር 10 ሚሊ ሊትር ሻምፖ (ሁለት የሻይ ማንኪያ) በ30 ሚሊ ሊትር ውሃ አቅጥኜ አፉ ቀጭን በሆነ ጠርሙስ ውስጥ አደርጋለሁ። በጉንጉኖቹ መካከል በቀጥታ ቆዳው ላይ ይፈስሳል። የሚቀጠነው ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ነው፤ ውሃ የገባበት ሻምፖ መከላከያው ስለሚዳከም ውሎ ሲያድር ጀርም ያፈራል። በጥፍር ሳይሆን በጣት ጫፍ፣ ከግንባር ዳር ጀምሮ ከጆሮ ጀርባ እስከ ማጅራት፣ አንድ ደቂቃ ያህል አሸዋለሁ። ቅባት ከነበረበት የመጀመሪያው ዙር አረፋው ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም ሻምፖው ቅባቱን በማንሳት ተጠምዷል። ያኔ አለቅልቄ በግማሽ መጠን እደግመዋለሁ። ቅባት ከሌለበት አንድ ዙር ይበቃል።

ዘለላውን ራሱን አላሽም። እየታጠበ የሚወርደው አረፋ ይበቃዋል። የፀጉር ላይኛው ሽፋን እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበና አፉን ወደ ጫፍ ያዞረ ነው፤ አናት ላይ ሰብስበው ሲያሹት ቅርፊቱ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይቋጠራል።

ኮንዲሽነሩ ላይ ግን አልሰስትም። ርጥብ ፀጉር አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት አለው፣ የኮንዲሽነር ዋና ንጥረ ነገር ደግሞ አዎንታዊ ነው፤ ስለዚህ ይጣበቃል፣ ይበልጥ የሚጣበቀውም የተጎዳው ቦታ ላይ ነው። ለዚህ ሰዓት ሙሉ መጠበቅ አያሻም፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በቂ ነው። ከመቀባቴ በፊት ግን ውሃውን ጨምቄ አወጣለሁ፤ ውሃ የሚንጠባጠብበት ፀጉር ላይ የተቀባ ኮንዲሽነር ከውሃው ጋር ይወርዳል። 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ከጆሮ በታች ላለው ለአራቱም ክፍል አካፍላለሁ። ከዚያ ጥርሱ ሰፊ በሆነ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሬ ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ እወጣለሁ። ማበጠሪያው ከቆመ አልጎትትም፤ ትንሽ ውሃና ኮንዲሽነር ጨምሬ ቋጠሮውን በጣት እፈታለሁ።

ሲለቀለቅ ማቆሚያው የሚታወቀው በጣት ነው፤ ማሙለጭለጩ ጠፍቶ ልስላሴው ብቻ ሲቀር። ሲነኩት ሲጥ ሲጥ የሚል ከሆነ ለስላሳነቱን አጥቷል፤ ትንሽ ኮንዲሽነር ይመለስበት።

ውሃው ካልሲየም የሚበዛበት ከሆነ ይህ ሁሉ ተደርጎም ፀጉሩ ሊሻክር ይችላል። ኢዲቲኤ (ካልሲየምን ይዞ የሚያነሳ ንጥረ ነገር) ያለበት ሻምፖ በወር አንድ ጊዜ ፀጉሩ ላይ የተከማቸውን ካልሲየም ይቀንሳል። ገላ ሳሙና ደግሞ ከእንዲህ ያለ ውሃ ጋር ሰም የመሰለ ዝቃጭ ስለሚሠራ ለፀጉር አልጠቀመውም።

በመጨረሻ በጥጥ ቲሸርት ጨመቅ ጨመቅ አደርገዋለሁ እንጂ በፎጣ አላሽም። ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉርም አየዋለሁ። በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ መርገፉ የተለመደ ስለሆነ በሳምንት አንዴ ለሚታጠብ ሰው የሳምንቱ ባንድ ጊዜ ይወጣል፣ አያስደነግጥም። የረገፈ ዘለላ ረጅም ነው፣ አንድ ጫፉ ላይም ነጭ ነጥብ አለው። አጭርና ነጥብ የሌለው ከሆነ ግን የተሰበረ ነው፤ እንዲህ ያለው ከበዛ በሚቀጥለው እጥበት ኮንዲሽነሩን እጨምራለሁ፣ ማበጠሩንም አዘገያለሁ።