«እና ምን ይጠበስ?»፦ ሃይስኩል የጻፍኩትና ካምፓስ የጻፍኩት

ሃይስኩል እያለሁ እንግሊዝኛ ራይቲንግ ላይ ጎበዝ ነበርኩ፣ ማለቴ ጎበዝ ይመስለኝ ነበር። ደሴ ነው የተማርኩት፣ ክፍላችን 60 ምናምን ልጅ፣ መምህሩ ኮምፖዚሽን ካዘዙን በኋላ የ60 ልጅ ደብተር ቁጭ ብለው አያነቡ ነገር፣ አልፈርድባቸውም፣ ስለዚህ ገጹ ሞልቷል ወይ፣ እጅ ጽሑፉ ያምራል ወይ፣ «ፈርስት ኦፍ ኦል»፣ «ሰከንድሊ»፣ «ላስት በት ኖት ሊስት» አለበት ወይ፣ በቃ። ካለበት ከ10 9 ነው። እነሱን ሦስቱን ካስገባሁ መሀሉን በምንም ብሞላው ችግር እንደሌለው ቶሎ ነው የገባኝ። 12ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ያቺም ቀረች፣ ማትሪክ ሁሉም ምርጫ ነዋ፣ የእንግሊዝኛው ፈተና ራሱ የተዘበራረቀ አረፍተ ነገር ሰጥቶ የቱ ይቀድማል ይልሻል እንጂ ጻፊ አይልሽም፣ አንቺ ክቧን በእርሳስ ማጥቆር ነው።

እንደዛ ሆኜ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ደረሰኝ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 20 ምናምን ኪሎ ሜትር፣ አክስቴም እዛው ስላለች ሰው ሀገር የሄድኩ እንኳን አልመሰለኝም። ፍሬሽማን ላይ የኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ መምህራችን ሁለት ነገር የሚያወዳድር ሁለት ገጽ ኤሴይ አምጡ አሉ። ቀላል! ደሴና ኮምቦልቻ። ማታ ዶርም አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጨረስኩት። «ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ በተለያዩ ከተሞች ይኖራል» ብዬ ጀመርኩ (በእንግሊዝኛ ነው እንግዲህ)፣ ከዛ ደሴ የፍቅር ከተማ ናት፣ ደሴ ትበርዳለች ኮምቦልቻ ትሞቃለች፣ ደሴ ጦሳ ተራራ አላት ኮምቦልቻ ፋብሪካ አላት፣ ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅምና ጉዳት አላቸው፣ አለቀ።

ሲመለስልኝ «የፍቅር ከተማ» ካልኩት አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «ማን አለ?» ይላል፣ በአማርኛ። ትበርዳለች ትሞቃለች ያልኩበት ላይ ደግሞ «እና ምን ይጠበስ?»። ከ20 7። ወላሂ የሰደቡኝ ነው የመሰለኝ። ቢሯቸው ሄጄ ቆምኩ። «የድሮ ሰው ደብዳቤ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ፣ «ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል፣ እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ይልና ከዛ ወደ ጉዳዩ ይገባል። አንቺ ሰላምታውን ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈሽ ጉዳዩን ሳትነግሪኝ ፈርመሽ ላክሽልኝ።» ደግመሽ ጽፈሽ አምጪ አሉኝ።

ቅዳሜ ደሴ ቤት ስገባ እማ የባቄላ ንፍሮ ጥዳ እየተማረረች ነው። «አክስትሽ ጋ እኮ ይሄን ያህል ከሰል አይፈጅም፣ የዚህ ሀገር ብርድ!» ትላለች። ስንት ዓመት የሰማሁት ወሬ ነው፣ የዛን ቀን ግን «ማን አለ?» ጭንቅላቴ ውስጥ አቃጨለ። ብርዱ ብቻ አይደለማ! ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ ከፍ በተባለ ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንስና ውሃው 100 ሳይደርስ ይፈላል፣ በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ይወርዳል፣ ፊዚክስ ላይ ተምረነዋል እኮ፣ ግን ከእማ ድስት ጋር አገናኝቼው አላውቅም። ውሃው ቢንተከተክም ሙቀቱ አነስ ስለሚል ባቄላው ይቆያል ማለት ነው።

በሳምንቱ ከላብ ቴርሞሜትር ለምኜ፣ እንዳይሰበር በነጠላ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌው ወጣሁ። እንፋሎቱ መነጽሬን እየሸፈነው እንደምንም አነበብኩት፣ 92። እሁድ አክስቴ ቤት፣ 94። እማ ስነግራት «ይቺን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው?» አለች።

ሁለተኛው ኤሴይ ገና ሲጀምር አንድ ዓይነት ባቄላ ደሴ ላይ እንደሚዘገይና ጥፋቱም የብርዱ ብቻ እንዳልሆነ ይናገራል። ማን አለ? ቴርሞሜትሩ። ምን ይጠበስ? የእማ ከሰል፣ ዋጋው ደግሞ ይታወቃል። ጦሳም ፍቅርም ወጡ፣ ጦሳን ሳወጣው ትንሽ ከፋኝ። መግቢያውን መጨረሻ ላይ ነው የጻፍኩት፣ አሁንም እንደዛው ነው የማደርገው፣ ምን እንዳልኩ ሳላውቅ እንዴት አስተዋውቀዋለሁ?

አንድ ጥፋት ግን አጠፋሁ፣ ስለ አየር ግፊት የሚያወራ አንድ ፓራግራፍ ከኢንተርኔት እንዳለ ገለበጥኩ። ሃይስኩል እያለን ከመጽሐፍ መገልበጥ «አንብባለች» ነበር የሚያስብለው። መምህሩ ፓራግራፏን አክብበው «ይቺ አንቺ አይደለሽም» ብለው 3 ማርክ ቀነሱ፣ ዜሮ አለመስጠታቸውም ደግነት ነው። ከዛ ወዲህ አንብቤ ስጨርስ ስልኬን እደፋውና ለዶርሜ ልጅ በአማርኛ አስረዳታለሁ፣ «አልገባኝም» ካለች እኔም አልገባኝም ማለት ነው፣ ተመልሼ አነባለሁ፣ ከገባት እሱን በእንግሊዝኛ እጽፈውና ከማን እንዳገኘሁት እጠቅሳለሁ። ጊዜ ይፈጃል፣ እሷም አንዳንዴ ትሰለቸኛለች፣ አብሽሪ እላታለሁ።

16 አገኘሁ። (ግሩፕ አሳይመንት የሚባለውን አታንሱብኝ፣ አምስት ስም ተጽፎ አንድ ሰው የሚሠራውን፣ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።)

ባለፈው ቤት ስሄድ 10ኛ ክፍል ያለው ወንድሜ ኮምፖዚሽኑን አሳየኝ። «ፈርስት ኦፍ ኦል፣ ደሴ የፍቅር ከተማ ናት» ይላል። እስክሪብቶ አነሳሁና ከላይ ሳየው ከ10 9 ተሰጥቶታል፣ ልጁም ደስ ብሎት አፌን አፌን ያያል። እስክሪብቶውን አስቀምጬ ጎሽ አልኩት።