ጋምቤላን ለመጎብኘት የምትነሡ ደብዳቤያችሁን አስቀድማችሁ አስጽፉ

ወደ ጋምቤላ በአውሮፕላን አትሂዱ። የጠየቅኩት ሁሉ የመከረኝ በረራውን ነበር፤ እኔ ግን በአውቶቡስ ሄጄ መቱ አደርኩ፤ በማግስቱም ጎሬን አልፌ በቡሬ በኩል ወደ ቆላው ወረድኩ። ደኑና ጉሙ ወደ ኋላ ቀርቶ ወበቁ በመስኮት ሲገባ፣ የኢሉባቦር ቡና በአጋሰስና በሰው ጫንቃ ወደ ባሮ ወንዝ የወረደበትን ቁልቁለት በዓይኔ አየሁት። አያቴ ከጎሬ ሲራራ ነጋዴዎች አንዱ ስለነበሩ ይህን መንገድ ሳላየው እንዳልሞት እመኝ ነበር።

በበጋ ሂዱ የሚለውንም ምክር አልቀበልም። በብሔራዊ ፓርኩ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ለማየት ለተነሣ ሰው ልክ ነው፤ የከተማዋን ታሪክ ለሚፈልግ ግን ከመስከረም የተሻለ ወር የለም። ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይና በሶባት አድርገው ጋምቤላ የሚደርሱት ባሮ በክረምት ሲሞላ ነበር። በበጋ ወንዙ ጎድሎ አሸዋው ሲገለጥ ያየ ሰው፣ እዚህ መርከብ ይቆም ነበር ቢሉት ለማመን ይቸገራል።

ታሪኩን እንደሚገባው የሚያውቀው ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በኢታንግ አቅራቢያ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ፣ በወንዙ በኩልም ከ2,000 ሜትር የማይረዝም መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነበር። ቦታው ጋምቤላ ሆነ፤ የግሪክ ነጋዴዎች መጡ፤ ቡናው በዚያ ወጣ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ መሬቱ ተመለሰ። አያቴ ቡናቸውን ያራገፉት በዚህ ዳርቻ ነው፤ ፎቶግራፍ ላነሣ የሄድኩትም ይህንኑ ነበር።

እስካሁን የሚያንገበግበኝም እዚያው ላይ የደረሰብኝ ነው። ከመነሣቴ በፊት አዲስ አበባ የጠየቅኳቸው ኃላፊ፣ ለአገር ውስጥ ጎብኚ ምንም ፈቃድ አያስፈልግም ብለውኝ ነበር። በባሮ ድልድይ አጠገብ ቆሜ ወንዙን ሳነሣ ግን አንድ ጥበቃ መጣ። “ወንድሜ፣ ስልክህን” አለኝ። ድልድይ ማንሣት ክልክል መሆኑ የት እንደተጻፈ ስጠይቀው “እኔ ነገርኩህ አይደል?” አለ። ሰሌዳ የለም፤ ማስታወቂያ የለም። ስልኬን ተቀብሎ ፎቶግራፎቹን በአውራ ጣቱ እየገፋ አንድ በአንድ ያያቸው ጀመር። ድልድዩ ያለበትን አጠፋ። ቀጥሎ ውኃው ብቻ ያለበትን አጠፋ። በመጨረሻም ከጎሬ በታች ያነሣሁትን ቁልቁለት አጠፋ፤ ቁልቁለቱ ከድልድዩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው የነገረኝ የለም።

ፈቃድ አምጣ ተብዬ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተላክሁ። የያዝኩት የመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ማኅተምና ፊርማ ያለው፣ “ለሚመለከተው ሁሉ” የሚል ነበር። የተቀበለችኝ ሠራተኛ አንብባ “ይህ ለእኛ አልተጻፈም” አለች።

“እናንተን አይመለከትም ማለት ነው እህቴ?”

“ለእኛ ብለው ይጻፉና ያምጡ።”

ከስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዤ ለመጣሁ ሰው የተሰጠ መልስ ይህ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ በዚያ ሙቀት ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ፤ ከስብሰባው በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግስቱ በሩ ሲከፈት ደርሼ የትብብር ደብዳቤ አገኘሁ። ይዤው ወደ ድልድዩ ስመለስ ተረኛው ተቀይሯል። አዲሱ ጥበቃ ደብዳቤውን ገልብጦ ጀርባውን ሳይቀር አየና “ከተማውን እንዲጎበኝ ይላል እንጂ የወንዙን ዳርቻ አይልም” አለኝ። አገሩ ወንዝ ዳር የተቆረቆረ ከተማ ሆኖ ሳለ! ድልድዩን መጠበቅ ተገቢ መሆኑን አምናለሁ፤ ድንበር ቅርብ ነው፤ አካባቢውም ግጭት አይቷል። ሳይጽፉ መከልከልን፣ ከልክሎም እንደየተረኛው መለዋወጥን ግን ጥበቃ ብዬ አልጠራውም።

ስለዚህ ፈቃድ አያስፈልግም የሚላችሁን አትስሙ። ደብዳቤያችሁ በአድራሻ ለክልሉ የሚመለከተው ቢሮ የተጻፈ ይሁን፤ የምታነሡትን ቦታ በስም ይዘርዝር፤ “የባሮ ዳርቻ” የሚለው ቃል እንዳይቀር። ቅጂ አብዙ። ፎቶግራፎቻችሁን በየማታው ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ለቀሪው የከተማውን ሽማግሌ ፈልጉ፤ እኔን የረዱኝ አንድ የአኝዋ አባት ናቸው። መርከቦቹ ይቆሙበት የነበረውን ዳርቻ ይዘውኝ ሄደው አሳዩኝ፤ ዳርቻውንም ያለ ካሜራ እርምጃ በእርምጃ አብረን ተመላለስንበት።

ከመመለሴ በፊት አንድ ማመልከቻ ጻፍኩ። የጠየቅኩት የተከለከለው ቦታ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚገልጽ ሰሌዳ በድልድዩ ግራና ቀኝ እንዲተከል ነው። መዝገብ ቤት ገብቼ ቁጥር አሰጥቼዋለሁ፤ ቅጂው በእጄ ይገኛል።