መቋሚያ የተደገፈ ሰው

የሰው ገላ መቅረጽ ከፊት አይጀመርም። ከዳሌ ነው የሚጀመረው። ይሄን የነገረችን ፍሎረንስ ውስጥ ማታ ማታ የምታስተምረን ቀራጺ ናት። ለእኔ ለጎንደር ልጅ ነገሩ አዲስ ነበር። ያደግኩት የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ቀና ብዬ እያየሁ ነው። እዚያ ያሉት መላእክት ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው። ዓይናቸው የገባችሁበት ይከተላችኋል፤ ገላ ግን የላቸውም። ግድግዳው ላይ ያሉት ቅዱሳንም ቢሆኑ በልብስ ተሸፍነዋል። ሰው ማለት ለእኔ ፊት ነበር።

ቀን ቀን ባዳንቴ ሆኜ እሠራ ነበር። ጣሊያን ያለ ሐበሻ ሥራውን ያውቀዋል፤ ሽማግሌና አሮጊት ቤታቸው ሆኖ መንከባከብ ነው። እኔ የምይዛቸው ሴትዮ ብቻቸውን ከአልጋ መነሳት አይችሉም ነበር። አቅሙ የደከመ ሰው ደግሞ በክንዱ ተጎትቶ አይነሳም። መጀመሪያ ዳሌው ወደ አልጋው ጠርዝ ይመጣል። እግሩ መሬት ይይዛል። ደረቱ ወደ ፊት ያዘነብላል። ያኔ ክብደቱ እግሩ ላይ ይወርድና ይቀላችኋል። ማታ ስቱዲዮ ስገባ መምህሯ የምትጠይቀን ያንኑ ነው፦ «ክብደቱ የት ነው ያለው?» እጄ መልሱን ከዓይኔ ቀድሞ ያውቀው ነበር።

ሥራው በሽቦ አጽም ይጀመራል፤ ጭቃው በላዩ ይለጠፋል። ሞዴሉ ጥቂት ቆሞ ያርፋል፣ ተመልሶ ይቆማል፤ እኛ እየዞርን እንለካለን። ሰው በአንድ እግሩ ላይ ሲያርፍ የዚያ ጎን ዳሌ ከፍ፣ የዚያው ጎን ትከሻ ዝቅ ይላል። ከአንገቱ ሥር ካለችው ጎድጓዳ ቦታ ቱንቢ ብታወርዱ የቆመበት እግር ቁርጭምጭሚት ላይ ያርፋል። ማይክል አንጄሎ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1501 እስከ 1504 የሠራው ዳዊት ቀኝ እግሩ ላይ የቆመው በዚሁ ሕግ ነው። ቀራጺው ወጣት ሳለ በሳንቶ ስፒሪቶ ሆስፒታል ሬሳ እየከፈተ ጡንቻና አጥንት አጥንቷል። ከቆዳ ሥር ያለውን ካላወቃችሁ የምትሠሩት ሰው እህል የሞላ ጆንያ ይመስላል።

እማዬ በስልክ ነገሩን ስትሰማ ደነገጠች። «ራቁቱን ሰው ፊትሽ አቁመሽ?» አለችኝ። ቀጥላም «ደግሞስ የተቀረጸ ምስል አይደለም ወይ?» ጥያቄዋን አላቀለልኩትም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ይሳላል፣ ሐውልት ግን አይቆምም። በዚያ ሥርዓት ነው ያደግኩት፤ አከብረዋለሁ። የምሠራው ግን ለቤተ መቅደስ አይደለም። ጎንደር ፒያሳ የአጼ ቴዎድሮስ ሐውልት ቆሟል፤ የሚሰግድለት የለም። ስለ ራቁትነቱም የማውቀውን ነገርኳት። ስቱዲዮ ውስጥ የሚስቅ የለም፤ ፎቶ የሚያነሳም የለም። አንድን ጉልበት ለሰዓታት ስታዩት የሚመጣባችሁ አክብሮት ነው። «እግዜር የሠራውን ነው የማየው፣ እማ» አልኳት። «እሱስ እውነትሽን ነው» አለችና ስለ ጎረቤት ወሬ ጀመረችልኝ።

አሁን ጎንደር ነኝ። የመጣሁት መቋሚያ የተደገፈ ሰው ለመቅረጽ ነው። ማኅሌት ላይ መቋሚያው ብብት ሥር ሲገባ የተማርኩት ሕግ ይገለበጣል። ትከሻው ዝቅ በማለት ፈንታ ወደ ላይ ይገፋል። ቱንቢው ቁርጭምጭሚቱን ይስትና በእግሩና በመቋሚያው ጫፍ መካከል ባዶ መሬት ላይ ይወርዳል። ኔፕልስ ሙዚየም ያለው ፋርኔዜ ሄርኩለስ የሚባለው የጥንት ጀግና ሐውልትም ብብቱን ቆመጡ ላይ ደግፏል። እሱ ግን ሥራውን ጨርሶ ነው የሚያርፈው። የእኛ ሰው እንደተደገፈ ይዘምራል። ይሄ ልዩነት ገላው ላይ መታየት አለበት፤ ደረቱ በትንፋሽ የተሞላ ነው፣ አንገቱም አልወደቀም።

አጎቴ መሪጌታ ናቸው። ጋቢያቸውን አስቀምጠው ጓሮ ቆሙልኝ። መቋሚያውን ብብታቸው ሥር እንዲያደርጉት ለመንኳቸው። «ይሄማ ሌሊቱ ሲገፋ ነው» አሉኝ። ሲጀመር ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ መቋሚያው እጃቸው ላይ ነው። ቆይቶ ደረታቸው ላይ ያርፋል። ድካሙ ሲበረታ ነው ብብት ሥር የሚገባው። «ለመሆኑ የትኛውን ሰዓት ነው የምትሠሪው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ስቱዲዮ ውስጥ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ሊነጋጋ ሲል ያለውን መረጥኩ።

የቀረኝ የጭቃው ነገር ነው። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሽቦ ግን ስለማይኮማተር ገላው ይሰነጠቃል። ፍሎረንስ ሳለን ለዚህ ነው ጭቃው ሳይደርቅ ቅርጹን በጀሶ የምንገለብጠው። እኔ ግን በጎንደር አፈር ተሠርቶ እሳት እንዲገባ እፈልጋለሁ። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ያሉ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ትንንሽ የሰው ምስሎቻቸውን ያለ ሽቦ ነው የሚሠሩት። ያን ያህል ያዘነበለ ገላ ያለ ሽቦ እንዴት እንደሚቆም ለመማር እነሱ ጋ እየተመላለስኩ ነው። መቋሚያው ግን ከሸክላ ቢሆን ይሰበራል። እሱን ከእንጨት አድርጌ ከተተኮሰ በኋላ እገጥመዋለሁ፤ አጎቴ ቀጭን የወይራ ቁራጭ እየፈለጉልኝ ነው።