ማንቂያው በሰዓቱ ደውሏል

የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለባንኮች ሶፍትዌር ይሠራል፤ የሠራውንም ሌሊትና ቀን ይጠብቃል። ከመካከላችን ለማንኛውም ችግር ፕሮግራም ጽፋ መፍትሔ የምትፈልግ አንዲት ባልደረባ አለች። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ እናት ናት፤ ባለቤቷ በመስክ ሥራ ምክንያት ከአዲስ አበባ ውጭ ይከርማል። ሌላው ወላጅ በደብተርና በጭንቀት የሚይዘውን ነገር እርሷ በስልኳ ይዛዋለች። የአስቤዛው ዝርዝር በጉግል ኪፕ ከባለቤቷ ጋር የጋራ ነው፤ አንዳቸው ሽንኩርቱን ገዝተው ምልክት ሲያደርጉ በሌላኛው ስልክ ላይም ይሰረዛል። የይለፍ ቃሎቻቸው በቢትዋርደን በጋራ ተቀምጠዋል። የልጁ ታብሌት በፋሚሊ ሊንክ አማካይነት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ራሱ ይቆለፋል። እኔም የልጆች አባት ነኝና የሚበጀኝን ከእርሷ ስቀዳ ኖሬአለሁ። የታብሌቱን ቁልፍ ግን ትቼዋለሁ፤ የእኔዎቹ ታብሌቱ ሲዘጋ ቴሌቪዥኑን መክፈት ያውቁበታል።

ከሁሉም የምትኮራው በቴሌግራም ቦቷ፣ በቴሌግራም ውስጥ ራሱ እንዲሠራ በጻፈችው ፕሮግራም፣ ነበር። የልጇ ትምህርት ቤት ማስታወቂያውን ሁሉ የሚያስተላልፈው በወላጆች የቴሌግራም ቡድን ነው። ከ«እሺ»፣ ከ«እናመሰግናለን» እና ከበዓል መልካም ምኞት ክምር ውስጥ «ነገ ልጆቹ የስፖርት ልብስ ይልበሱ» የምትለዋን አንድ መስመር ፈልጎ ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ቦቱ ቡድኑን እያነበበ ቀንና ሰዓት ያለበትን መልእክት ለይቶ በቤተሰቡ የጋራ ጉግል ካላንደር ላይ ይመዘግባል። ሰዓቱ ሲቃረብ ስልኳ ይጮኻል።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ አታግሏታል። መጀመሪያ ቦቱ ቡድኑ ውስጥ ገብቶ ዝም አለ። ቴሌግራም ሳይነገረው በፊት ቡድን ውስጥ የገባን ቦት የሚያሳየው ለእርሱ የተላኩ ትእዛዞችንና ምላሾችን ብቻ ነው፤ ሌላውን እንዲያይ የቦቱ ባለቤት ቦትፋዘር በሚባለው ዋና ቦት በኩል ገደቡን ማንሳት፣ አለዚያም ቦቱ የቡድኑ አስተዳዳሪ መደረግ አለበት። ይህ ገደብ በከንቱ የተቀመጠ አይመስለኝም። የሌላ ሰው ቦት የእኔን መልእክት ሁሉ ሲያነብ ባላውቅ ቅር ይለኛል። እርሷም ይህን ተረድታ ለወላጆቹ በግልጽ ነገረቻቸው፤ ቀን የሌለበትንም መልእክት ቦቱ እንዳያስቀምጥ አደረገች።

ቀጥሎ የሰዓቱ ጉዳይ መጣ። ትምህርት ቤቱ «በ6 ሰዓት» ሲል እኩለ ቀን ማለቱ ነው፤ ካላንደሩ ግን 6 ሰዓት ብሎ የሚያውቀው ጎሕ ሲቀድ ያለውን ነው። ስለዚህ ቦቱ ስድስት ሰዓት ይደምራል፤ «ከምሽቱ» ወይም «ከሌሊቱ» የሚል ቃል ሲያገኝ ደግሞ ስሌቱን ይለውጣል። ከዚያም ጳጉሜን መጣች። ትምህርት ቤቱ ምዝገባ በጳጉሜን እንደሚጀመር ሲያስታውቅ ቦቱ ወደቀ፤ ቦቱ የተጻፈበት የፓይተን ቋንቋ የቀን መቁጠሪያው ከ12ኛው ወር አያልፍም። ጃቫ ለሚባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ጆዳ ታይም የሚባል የቀን መቁጠሪያ ስብስብ የእኛን አቆጣጠር ከነጳጉሜኑ ያውቃል፤ ፓይተን ግን ከራሱ ጋር ይዞት አልመጣም። ሒሳቡን በራሷ ጻፈችው፤ በየአራት ዓመቱ የምትመጣዋን ስድስተኛዋን ቀን ሳይቀር። ያን ሰሞን ምሳ ላይ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

ገጠመኙ የደረሰው እንግዲህ ቦቱ ከእነዚህ በሽታዎች ሁሉ ድኖ፣ እንከን አይወጣለትም ተብሎ በተመሰከረለት ጊዜ ነው።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ባልደረባችን ከሁለት መሐንዲሶች ጋር የአንድ ባንክ ዳታ ማዕከል ሄዳለች፤ የመረጃ ማከማቻ መሣሪያ እየተቀየረ ስለነበር የእኛ ሶፍትዌር በትክክል መነሣቱን የሚያይ ሰው ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም። በር ላይ የብረት ሣጥን አለ፤ ስልክ እዚያ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከጥበቃው ዘንድ ይቀራል።

ረፋዱ ላይ ትምህርት ቤቱ በቡድኑ ላይ ጻፈ፤ መምህራን ስብሰባ ስላለባቸው ልጆች ዛሬ በ6 ሰዓት ይለቀቃሉ። ቦቱ አነበበ። ሰዓቱን በትክክል ቀየረ። በካላንደሩ ላይ መዘገበ። 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን ስልኩ ጮኸ፤ በብረት ሣጥን ውስጥ።

በሌላው ቀን ሁሉ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚወስዱት አያቱ፣ የባልደረባችን እናት፣ ናቸው፤ በ9 ሰዓት ተኩል በር ላይ ይቆማሉ። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፤ ቴሌግራም የለውም። የመውጫ ሰዓት ሲቀየር ልጃቸው ደውላ ትነግራቸዋለች፤ ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነበር። የካላንደሩ ሌላኛው ተካፋይ ባለቤቷ ያን ዕለት ኔትወርክ የማይደርስበት ወረዳ ውስጥ ነበር።

ቢሯችን መግቢያ ላይ አንድ የጠረጴዛ ስልክ አለ፤ ከፕሪንተር ቀለም ሻጮች በስተቀር የሚደውልበት የለም፤ የሚያነሣውም የለም። ያን ቀን ከምሳ ስመለስ ሲጮኽ ደርሼ አነሣሁት።

«የልጁ እናት እናንተ ዘንድ ነው የሚሠሩት? ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ሄደዋል፤ ልጁ እዚህ ብቻውን ቀርቷል። የእናቱ ስልክ ይጠራል፣ አይነሣም፤ የአባቱ ከአገልግሎት ክልል ውጭ ነው ይላል።»

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነበረች። የእኛን ቁጥር ያገኘችው ልጁ ሲመዘገብ ከተሞላ የወረቀት ቅጽ ላይ ነው።

«መጥቼ ልውሰደው?» አልኳት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ወንድሜ፣ ስምዎ ከተረካቢዎቹ ዝርዝር ውስጥ የለም።»

ለአፍታ ተናደድኩ። ቆይቶ ግን ልጆቼ እዚያ ትምህርት ቤት ቢሆኑ ደስ ይለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ በስልክ «የእናቱ ባልደረባ ነኝ» ለሚል ሰው ልጅ የማይሰጥ ትምህርት ቤት ጥሩ ትምህርት ቤት ነው።

ወደ ባንኩ መቆጣጠሪያ ክፍል ደወልኩ። ተረኛው «ጉዳዩ የሲስተም ነው የግል?» ብሎ ጠየቀኝ። የግል መሆኑን ስነግረው ሥራው ሲያልቅ መልእክቱን እንደሚያደርስ ቃል ገባልኝ። «ልጇ ትምህርት ቤት በር ላይ ብቻውን ቀርቷል» ስለው ድምፁ ተለወጠ። «ቆይ፣ ቆይ፣ እኔም የልጆች አባት ነኝ» ብሎ ስልኩን ሳይዘጋው ተነሥቶ ሄደ።

ባልደረባችን ወጣች። አሁንም ነገሩ አላለቀም፤ የእናቷን ቁጥር በቃሏ አታውቀውም። ማን በቃሉ ያውቃል? ቁጥሩ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው፣ ስልኩ ሣጥኑ ውስጥ ነው፣ የሣጥኑን ቁልፍ የያዘው ጥበቃ ምሳ ወጥቷል። እርሱ ተፈልጎ መጥቶ፣ ሣጥኑ ተከፍቶ፣ አያትየው ተደውሎላቸው፣ እኔ ከቢሮ በ8294 ራይድ ጠርቼላቸው፣ ትምህርት ቤቱ በር እስኪደርሱ ልጁ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቀ። እርሱ በበኩሉ ምንም አልከፋውም። ከትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋር ቆሎ ሲበላ ነው ያገኙት፤ ሌላም ዓርብ እንዲህ ይሁንልኝ ብሎ እናቱን ጠይቋታል።

በእኛ መሥሪያ ቤት የባንክ ሲስተም ሲቋረጥ በነጋታው ተቀምጠን የሆነውን በሰዓት በሰዓት እንጽፋለን፤ ማንም አይወቀስም፤ የት ቦታ ላይ ሰንሰለቱ እንደተበጠሰ ነው የምንፈልገው። ሰኞ ጠዋት ባልደረባችን የዓርቡን ጉዳይ በዚሁ መንገድ እንድናየው ጠየቀች። ከፊሉ ሰው ሳቀ። አለቃችን ግን ተስማማ፤ ቦቱ የመዘገበው ዝርዝር በግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር ታየ። መልእክት ደረሰ፣ ተሳክቷል። ሰዓት ተቀየረ፣ ተሳክቷል። ካላንደር ላይ ተመዘገበ፣ ተሳክቷል። ማንቂያ ተላከ፣ ተሳክቷል። አንድም ስሕተት የለበትም።

ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ፣ እጁን አነሣ። «ማንቂያውን ሰው ማየቱን ቦቱ በምን ያውቃል?»

በምንም አያውቅም ነበር። የሚያስገርመው ይህን ጥያቄ ለባንኮቹ ሁልጊዜ የምንጠይቀው እኛ መሆናችን ነው። የባንክ ሰርቨር ሲታመም ማንቂያው ወደ ተረኛው ይሄዳል፤ ተረኛው «ተቀብያለሁ» የሚለውን ካልነካ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እርሱም ዝም ካለ ወደ ኃላፊው። ላክሁ ማለት አይበቃም፤ የተቀበለ ሰው መኖር አለበት። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ለቤት ሲሆን ቀርቶ ነበር። ከዚያ አንዱ «እውነት እኛስ ቢሮ ሁሉም እንዲህ ነው?» አለና ወሬው ከቤት ወደ ቢሮ ዞረ። ስንፈትሽ አንድ አሮጌ የሪፖርት ሰርቨር ማንቂያውን የሚልከው ሥራ ወደለቀቀ ሰው ኢሜይል መሆኑ ተገኘ። ሰርቨሩ ስንት ጊዜ እንደጮኸ ፈጣሪ ይወቅ። ስብሰባው በዚሁ ምክንያት እስከ ምሳ ዘለቀ።

ባልደረባችን ቦቱን እንደገና ጻፈችው። አሁን የመውጫ ሰዓት ሲቀየር መልእክቱ «አይቻለሁ» ከሚል ቁልፍ ጋር ይመጣል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልነካችው ወደ ባለቤቷ ያልፋል፤ እርሱም ካልነካው ወደ አያትየው። እዚህ ላይ ነው ብልሃቱ የተፈለገው፤ አያትየው ዘንድ የሚደርሰው የስልክ መልእክት ብቻ ነው። መስተዋቱ የተሰነጠቀ አሮጌ አንድሮይድ ስልኳን ሲም ካርድ አስገብታ፣ ተርመክስ የሚባለውን መተግበሪያ ተርመክስ ኤፒአይ ከሚባለው ተጓዳኙ ጋር ጭና ከኮምፒውተር በሚመጣ ትእዛዝ መልእክት እንዲልክና እንዲደውል አደረገችው። እንዲህ ላለው ሥራ ከአሮጌ ስልክ የሚሻል ነገር የለም፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪው ይቆያል፣ ኢንተርኔት የሚያገኘውም ከራሱ ሲም ነው። አንድ ነገር ብቻ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ከጀርባ የሚሠሩ መተግበሪያዎችን እንዳይዘጋ ለተርመክስ ያ ቅንብር መነሣት አለበት። አለበለዚያ ሁለት ቀን ሠርቶ በሦስተኛው ይተኛል።

በአማርኛ ሲጻፍ አንድ የስልክ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ በላቲን ቢሆን 160 ይይዝ ነበር። ስለዚህ መልእክቷን አሳጠረች፦ «ዛሬ 6 ሰዓት ይወጣል። ሂጂለት።» አያትየው ያለ መነጽር ስለማያነቡ ደግሞ ከመልእክቱ በኋላ ስልኩ ሚስኮል ያደርጋል። «ይህ ቁጥር ሲጮኽ አታንሺው እማዬ፤ መነጽርሽን አድርጊና መልእክቱን አንብቢ» ብላ አስተማረቻቸው።

አያትየው ሁሉንም በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ ጠየቁ፤ «ትምህርት ቤቱ ለእኔ ቢደውልስ?»

የእርሳቸው ቁጥር በትምህርት ቤቱ ቅጽ ላይ አልነበረም። ከተረካቢዎቹ ዝርዝር ላይ ስማቸውና ፎቷቸው አለ፤ ስልካቸውን የጠየቀም የሞላም ግን የለም። በማግሥቱ ተጻፈ። ይህን ስትነግረን ቢሮው ውስጥ ያለን ስንትና ስንት መሐንዲሶች አንዳችን እንኳ ይህን አለማሰባችን ትንሽ አሳፍሮናል። ቦቱ ግን አልቀረም፤ ትምህርት ቤቱ የሚደውለው ልጁ ብቻውን ከቀረ በኋላ ነው፣ ቦቱ ከመቅረቱ በፊት ይናገራል።

እኔ ቦት አልጻፍኩም። ለእንዲህ ያለው ነገር ትዕግሥቱ የለኝም፤ ቢኖረኝም ሲበላሽ የምጠግንበት ጊዜ የለኝም። ከዚህ ሁሉ የወሰድኩት ትንሽ ነው። በጋራ ካላንደራችን ላይ የእኔም የባለቤቴም ስልክ በተለያየ ሰዓት እንዲጮኽ አድርጌአለሁ፤ ያየው ሰው ለሌላው «ያዝኩት» ብሎ ይጽፋል፤ ያልተጻፈ እንደሆነ ሌላው ይደውላል። ዳታ ማዕከል በምገባበት ቀን በቴሌግራም ለባለቤቴ የሚደርስ መልእክት ከዋዜማው ጽፌ ሰዓት እሞላለታለሁ፤ የመላኪያው ሰዓት ሲደርስ እኔ ስልኬ ጋ ባልሆንም ራሱ ይሄዳል። ታላቋ ልጄ የእናቷን ቁጥር በቃሏ ይዛለች፤ ታናሹ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ያገላብጣቸዋል። የባንኩ ተረኛም በጠረጴዛው ላይ ዳታ ማዕከል የገቡ ሰዎች የቤት ተጠሪ ቁጥር የሚጻፍበት መዝገብ ከፍቷል፤ ማንም አላዘዘውም።

ባልደረባችንን አሁን የሚያስቸግራት ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ ከባድ የሚለውን ማስታወቂያ በጽሑፍ አይልክም፤ በወረቀት አትሞ፣ ፈርሞና ማኅተም መትቶ ፎቶውን ነው የሚለጥፈው። ቴሰራክት የሚባለው ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም አማርኛ ያውቃል፤ ንጹሕ ሆኖ የታተመ ገጽ ሲያገኝ ደኅና ያነባል። የደብዳቤው ክብ ሰማያዊ ማኅተም ግን ቀኑ ላይ ያርፋል፤ ፕሮግራሙ ከማኅተሙ ሥር ያለውን 3 እና 8 እንዲለይ ማድረግ አልቻለችም። ለጊዜው ቦቱ ምስል ሲመጣ ለማንበብ አይሞክርም፤ «ፎቶ መጥቷል፣ ሰው ይክፈተው» ብሎ ከቁልፉ ጋር ይልክላታል፣ ካልነካችው ለባለቤቷ። ለአያትየው ሲደርስ ግን ፎቶውን ማየት ስለማይችሉ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲደውሉ ቁጥሩን ይልክላቸዋል፤ ጸሐፊዋም ድምፃቸውን ለይታ አውቃዋለች።