የሳርጀንት ፋውንቴን፣ ፍራስካቲ

ሥዕሉን ያየሁት ቺካጎ፣ አርት ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው፤ ጆን ሲንገር ሳርጀንት በ1907 እ.ኤ.አ. የሣለው የቪላ ቶርሎኒያ ፋውንቴን። ሮም ከደረስኩ አይቀር ቦታውን ሳላይ አልመለስም ብዬ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ፣ ቪላው ወዳለባት ወደ ፍራስካቲ ከተማ ባቡር ያዝኩ። ግማሽ ሰዓት ግድም ነው። ጣቢያው ከከተማዋ በታች ስለሆነ የቀረው ዳገትና ደረጃ ነው።

ሳርጀንት አሜሪካዊ ይባል እንጂ የተወለደው ፍሎረንስ ነው፤ ፓሪስ ተምሮ ለንደን ኖረ። የአሜሪካን ምድር የረገጠው በ20 ዓመቱ ነው። ውጭ ተወልደው «ሀበሻ ነን» ለሚሉ ልጆቻችን ይሄ ምንም አይገርማቸውም።

የአትክልት ስፍራው የታወቀው አርክቴክቱ ካርሎ ማዴርኖ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባቀደው «የውሃ ቴአትር» ነው። ውሃ የሚፈስበት ረጅም የድንጋይ ግድግዳ፣ ቅስት በቅስት። ጎብኚው ሁሉ ስልኩን የሚያወጣው እዚያ ነው። ቪላው ራሱ ግን የለም፤ በ1943 እ.ኤ.አ. ፍራስካቲ በቦምብ ስትደበደብ ፈረሰ። ግቢው ዛሬ የሕዝብ መናፈሻ ነው፤ ሰው ውሻውን ያንሸራሽርበታል።

ሳርጀንት ይህን ሁሉ ግርማ ትቶ ሽቅብ ወጣ። ዛፎቹ መሐል፣ ዙሪያውን የድንጋይ መደገፊያ ያለው ገንዳ አለ። እዚያ ላይ ወዳጁን ጄን ደ ግሌንን አስቀመጣት። እሷም ሠዓሊ ናትና ብሩሽ ይዛ፣ ዓይኗን ሸራዋ ላይ ተክላ ትሠራለች። ነጭ ልብሷን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ሰማያዊ አለበት፣ ሐምራዊ አለበት፣ ብጫም አለበት፤ ንጹሕ ነጭ የሚባለው ጥቂት ነው። ባሏ ዊልፍሪድ ከጎኗ ወደ ኋላ ደገፍ ብሏል፣ ሥራ ፈት። በርግጥ እሱም ሠዓሊ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ሞዴል ነው። ፋውንቴኑ ከጀርባቸው በወፍራም ቀለም የተጣለ ነጭ ጭረት ብቻ። ለእኔ የሥዕሉ ባለቤት ውሃው ሳይሆን የሴትየዋ እጅ ነው፤ ሳርጀንትም ሽቅብ የወጣው ለዚያ ይመስለኛል።

እኔ በሄድኩበት ቀን ውሃው አይፈነጥቅም ነበር። መደገፊያው ላይ ተቀመጥኩ። ድንጋዩ ሸካራ ነው፣ ሽበቱም ልብስ ላይ ይቀራል። ጄን ያን ነጭ ልብስ ለብሳ እንዴት እንደቻለችው እንጃ፤ የእኔ ጥቁር ሱሪ እንኳ አልተረፈም።