የልብ ሐኪሞች ማኅበርና የ28 ቀኑ መርፌ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክልል ከተማ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ ስሠራ፣ በየ28 ቀኑ የፔኒሲሊን መርፌ እንድትወጋ ያዘዝኩላት የ16 ዓመት ልጅ ከአራት ወር በኋላ ትንፋሽ እያጠራት ተመለሰች። እግሮቿ አብጠው ነበር፤ ሦስት ትራስ ካልተደራረበላትም መተኛት አትችልም። የቀጠሮ ካርዷን ተቀብዬ ስመለከት ቀንና ፊርማ ያለበት የመጀመሪያው ሣጥን ብቻ ነው፤ የተቀሩት ባዶ ናቸው። ምን ሆናችሁ ብዬ ስጠይቅ እናቷ፣ «ኧረ ዶክተር፣ እኛስ ቀጠሮ አላፈረስንም፤ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ናት ‹ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፣ ሆስፒታል ውሰዷት› እያለች የመለሰችን» አሉኝ። ሆስፒታሉ ደግሞ ከቀበሌያቸው የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

መጀመሪያ በነርሷ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ያቺ ሴት በእጇ የነበረው ከእኔ ብዕር የወጣች፣ ለማንበብ የምታስቸግር አንዲት መስመር ትእዛዝ ብቻ ነበረች። ከመርፌው በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባት፣ ለድንገተኛ አለርጂ የሚሰጠውን አድሬናሊን በቅርብ ማስቀመጥ እንደሚገባት፣ ከተወጋች በኋላ ልጅቷን ምን ያህል ማቆየት እንዳለባት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ነገር ቢፈጠር ከኋላዋ ማን እንደሚቆም የሚነግራት ወረቀት አልነበራትም። የልብ ሐኪሞች ማኅበር ለምን እንደሚያስፈልግ በቁም ነገር ማሰብ የጀመርኩት ያን ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ማኅበር ማለት ለእኔ ዓመታዊ ጉባኤ፣ የአንገት ባጅና የሻይ ሰዓት ነበር።

የልጅቷ ሕመም የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ነገሩ የሚጀምረው በልጅነት፣ ሰው ሁሉ «ቶንሲል ነው፣ ይተዋታል» ብሎ ከሚያልፈው የጉሮሮ ሕመም ነው። ጉሮሮን ያጠቃውን ባክቴሪያ ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ልብን በሮች፣ ማለትም ቫልቮቹን፣ ያቆስላል፤ ሕመሙ በተደጋገመ ቁጥር ቁስሉ ጠባሳ እየሆነ በሩ ይጠባል ወይም አልገጥም ይላል። መርፌው የተበላሸውን ቫልቭ አይጠግንም፤ ሥራው አዲስ ጥቃት እንዳይደርስ መከላከል ነው። በሽታው ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በጅማ ምንም ሕመም የማይሰማቸውን ተማሪዎች በልብ አልትራሳውንድ መርምሮ ከ1,000 ልጆች 30 ገደማ የሚሆኑት የቫልቭ ጉዳት እንዳለባቸው አሳይቷል። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ12 የአፍሪካ አገራት፣ ከሕንድና ከየመን 3,343 ሕሙማንን የመዘገበው ሬመዲ የተሰኘ ጥናት ደግሞ የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት እንደሆነ፣ ከሦስቱ ሁለቱም ሴቶች እንደሆኑ አስነብቧል።

ማኅበር የማዘዝ ሥልጣን የለውም፤ መድኃኒት የሚገዛውም ሆነ ጤና ጣቢያ የሚያስተዳድረው መንግሥት ነው። ሥልጣን የሌለው አካል ምን ሊያመጣ ይችላል ለሚል ሰው የምሰጠው ምሳሌ ከአሜሪካ ነው። የልብ ደም ሥሩ በድንገት የተዘጋበት ሰው ሆስፒታል ከደረሰበት ደቂቃ አንሥቶ የተዘጋው ሥር ውስጡ ገብቶ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ እስኪከፈት ድረስ ከ90 ደቂቃ በላይ እንዳያልፍ መመሪያው ቢያዝም፣ በርካታ ሆስፒታሎች ከዚያ በላይ ይቆዩ ነበር። በ1949 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በፈቃደኝነት የሚገቡበት ዘመቻ ጀመረና ወደ 1,000 የሚጠጉ ሆስፒታሎች ተመዘገቡ። አዲስ መድኃኒት አልመጣም፣ አዲስ መሣሪያም አልተፈለሰፈም። የተጠየቁት፣ የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም የልብ ስፔሻሊስቱን ፈቃድ ሳይጠብቅ ቡድኑን ራሱ እንዲጠራ፣ ጥሪው በአንድ ስልክ እንዲያልቅ፣ የተጠራው ቡድን በ20 እና በ30 ደቂቃ መካከል እንዲደርስ፣ ውጤቱም ወዲያው ለሠሩት ሰዎች እንዲነገር ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. 96 ደቂቃ የነበረው መካከለኛ ቆይታ በ2010 ወደ 64 ደቂቃ ወረደ፤ በ90 ደቂቃ ውስጥ የታከሙትም ከመቶ 44 ወደ 91 ከፍ አሉ። ለውጡን ሁሉ የማኅበሩ ሥራ ነው ማለት ልክ አይሆንም፤ ነገር ግን ሐኪምን ሐኪም ሲጠይቀው፣ ሆስፒታልም የራሱን ደቂቃ ከጎረቤቱ ደቂቃ ጋር አስተያይቶ ሲያይ የሚፈጠረውን እልህ ከላይ የሚላክ የትእዛዝ ደብዳቤ አይፈጥረውም።

እኛ ግን የሌላውን መመሪያ እንዳለ መቅዳት አንችልም። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ትንታኔ በአሜሪካ የልብ ሕክምና መመሪያዎች ውስጥ ካሉት ምክሮች በጠንካራ ጥናት የተደገፉት ከመቶ 11 ብቻ እንደሆኑ፣ ግማሽ የሚጠጉት በባለሙያዎች አስተያየትና በደካማ ማስረጃ ላይ የቆሙ እንደሆኑ አሳይቷል። ከዚህም በላይ ለሌላ ሕመም የተጻፈ ምክር በእኛ ሕመም ላይ ሊከሽፍ ይችላል። የልብ ምቱ የተዛባበት ሰው ደሙ እንዳይረጋ የሚሰጡት አዳዲስ መድኃኒቶች ክትትል ስለማይፈልጉ ለገጠሩ ሕመምተኛ የተሻሉ መስለውን ነበር፤ በየጊዜው ደም ተሰጥቶ አይኤንአር (ደሙ ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳይ ቁጥር) መለካት ለሚያስፈልገው ለቆየው መድኃኒት ለዋርፋሪን መላ የጠፋን ሁሉ ተስፋ አድርገናል። በ2022 እ.ኤ.አ. በ24 አገራት ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት ግን ተቃራኒውን አመጣ፤ በዋርፋሪን የታከሙት ከአዲሱ መድኃኒት ተጠቃሚዎች ባነሰ ቁጥር ሞቱ። እንዲህ ያለውን ነገር አጣርቶ «ለእኛ ሕመምተኛ ይህ ነው» ብሎ መጻፍ የአገር ቤት ማኅበር ሥራ ነው፤ ሌላ ማንም አይሠራልንም።

የገንዘብም ነገር አለ። ጉባኤው በመድኃኒት አስመጪ ድርጅት ስፖንሰር ተደርጎ፣ ምሳውም ከእነሱ ሆኖ፣ የትኛው መድኃኒት ይሻላል ብሎ መምከር ያስቸግራል። አሜሪካኖቹ መመሪያ የሚጽፈው ቡድን ሰብሳቢ ከጉዳዩ ጋር ከሚገናኝ ኩባንያ ጥቅም እንዳይኖረው፣ ከአባላቱም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከዚህ ነጻ እንዲሆኑ ደንግገዋል። የእኛ ባለሙያዎች ጥቂት ስለሆኑ ይህን መከተል ይከብዳል፤ ቢያንስ ማን ከማን ምን እንደተቀበለ በግልጽ ማስቀመጥ ግን አያቅተንም።

በአፍሪካ ደረጃ የተሞከረም አለ። በ1981 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የመላ አፍሪካ የልብ ሕክምና ማኅበር በ2005 በደቡብ አፍሪካ ድራከንስበርግ ስለዚህ በሽታ መግለጫ አውጥቷል። በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ባለሙያዎች ተሰብስበው ሰባት ተግባራትን ዘረዘሩ፤ ሕሙማንን መመዝገብ፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ ማለትም ይኸው መርፌ፣ እንዳይቋረጥ ማድረግ፣ የልብ ሕመም ላለባቸው ሴቶች የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት መስጠት፣ ሕክምናውን ከትልልቅ ከተሞች ማውጣት ከነዚህ ይገኙበታል። ሰነዱ ጥሩ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ያቺ ነርስ ካለችበት ጤና ጣቢያ ግን አልደረሰም ነበር።

ስለ ነርሷ ፍርሃት አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የልብ ማኅበር ባወጣው ምክር፣ ከመርፌው በኋላ ከደረሱት ድንገተኛ ሞቶች አንዳንዶቹ እንደሚታሰበው በአለርጂ ሳይሆን በጣም የተጎዳ ልብ ድንጋጤውን መቋቋም አቅቶት የደረሱ እንደሚመስሉ አስታውቋል፤ ስለዚህም ቫልቫቸው እጅግ ለጠበበ ወይም ልባቸው ለደከመ ሕሙማን በመርፌ ፋንታ የሚዋጥ ፔኒሲሊን እንዲታሰብ መከረ። ሲስተሯ እንግዲህ ግማሽ እውነት ነበራት። ልጅቷ መጀመሪያ ስትላክላት መርፌው የሚገባት ነበረች፤ ከአራት ወር በኋላ ወደ እኔ ስትመለስ ግን ክኒን ከሚታሰብላቸው ወገን ሆናለች።

ልጅቷን ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጽፌ፣ በሳምንቱ ወደዚያ ጤና ጣቢያ ወረድኩ። ከሲስተሯ ጋር ቁጭ ብለን ከመርፌው በፊትና በኋላ የሚደረገውን ሁሉ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጻፍን፤ ከታች ስሜንና ስልኬን አኖርኩ። መርፌ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው፤ በቀጣዩ ወር ሌሎች ሁለት ልጆችን እንደወጋች ደውላ ነገረችኝ። ከዓመት በኋላ ለስፔሻሊቲ ትምህርት ከአካባቢው ለቀቅሁ፤ ስልኬም ተቀየረ። ባለፈው ዓመት በዚያ በኩል ሳልፍ ጎራ ብል ሲስተሯ ተዛውራለች፤ ወረቀቱ ግን ጠርዙ ቢጫ ሆኖ፣ ማንም የማያነሣው የድሮ ስልኬ ከሥሩ እንደተጻፈ እዚያው አለ።